ሰዓቱን ቤት ትቶ መሮጥ

ከሩጫ የተመለሰ ሰው "እንዴት ነበር?" ሲባል መጀመሪያ ርቀቱንና ፍጥነቱን የሚቆጥርለትን የእጁን ሰዓት ካየ፣ ይህ ጽሑፍ ለእሱ ነው። 9.87 ኪሎ ሜትር ላይ የቆመውን ቁጥር 10 ለማድረስ ኮንዶሚኒየሙን ደጋግሞ የሚዞር ሰው አለ። ባትሪው መንገድ ላይ ስላለቀ ብቻ "የዛሬው አልተቆጠረልኝም" ብሎ የሚከፋው አለ። ጓደኛዋ ስትራቫ በሚባለው የሯጮች መተግበሪያ ላይ የለጠፈችውን ፔስ (አንዱን ኪሎ ሜትር በስንት ደቂቃ እንደሮጠች) አይታ ማታውን ሙሉ ስትብሰለሰል የምታድርም አለች። ሁሉም እግር አላቸው፣ ሳንባ አላቸው፣ መንገድ አላቸው። ሩጫው ግን ከእነሱ ወጥቶ የሰዓቱ ሆኗል።

ሰዓት ጠላት ነው አልልም። የምለው ይህን ነው፦ ለሜዳሊያ ሳይሆን ለጤናውና ለደስታው የሚሮጥ ሰው ከሚያስፈልገው መረጃ አብዛኛው ትንፋሹና እግሩ ውስጥ አለ። እሱን ማንበብ ደግሞ ይለመዳል። ከዚህ በታች ያለውን አንድ ወር ያህል ሞክሩት።

ከመውጣታችሁ በፊት፦ ቁጥሩን እወቁት

ሰዓቱን መተው የሚከብደን "እሱ ያውቃል" ብለን ስለምናምን ነው። ብዙ ያውቃል፤ የምናስበውን ያህል ግን አያውቅም። ርቀቱን የሚለካው ከሳተላይት በሚመጣ ምልክት ነው። ቦሌ ረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ስትሮጡ ምልክቱ ግድግዳ ላይ እየነጠረ ይመጣል። እንጦጦ ባህር ዛፍ ውስጥ ደግሞ ቅጠሉና ግንዱ ያዳክመዋል። በተጠማዘዘ መንገድ ስትሄዱ ኩርባዋን ቆርጦ ሊያልፋት ይችላል። የልብ ምታችሁን የሚያነበው ደግሞ ከሰዓቱ ሆድ የሚበራው አረንጓዴ መብራት ነው። ከቆዳ ሥር የሚያልፈውን ደም እያየ ይገምታል። ማሰሪያው ከላላ ወይም ብርዱ ከበረታ ይሳሳታል። አንዳንዴም ልባችሁን ትቶ የእግራችሁን ምት ሲቆጥር ይገኛል።

"ከፍተኛ የልብ ምት" የሚባለው፣ ልብ በደቂቃ ቢበዛ የሚመታው ቁጥርስ? ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከ220 ላይ ዕድሜን በመቀነስ ነው። የ40 ዓመት ሰው 180 ይደርሰዋል ማለት ነው። ይህ የብዙ ሰው አማካይ ግምት ነው እንጂ የእናንተ ልክ አይደለም። ከሰው ሰው በ10 ምትና ከዚያም በላይ ይለያያል። ስለዚህ ሰዓቱ "ቀይ ውስጥ ገብታችኋል" እያለ እናንተ ከጓደኛችሁ ጋር እየተጫወታችሁ ከሆነ፣ ጨዋታችሁን እመኑ።

በቀን 10,000 እርምጃ የሚባለውም ከሐኪም የመጣ ትእዛዝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ አንድ የእርምጃ መቁጠሪያ ለገበያ ሲቀርብ ይህን ቁጥር ስሙ አድርጎ ወጣ። አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ካጠለቀበት ከቶኪዮ ኦሎምፒክ አንድ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፤ አገሩ ሁሉ ስለ ስፖርት የሚያወራበት ሰሞን። ድፍን ቁጥር ስለሆነ ለማስታወስ ቀለለና ዓለምን ዞረ።

አንድ ጥናት ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ ዱክ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ጆርዳን ኤትኪን እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተመችው ነው። እርምጃቸውን የቆጠሩ ሰዎች ካልቆጠሩት የበለጠ ተራመዱ። በመራመዱ የተደሰቱት ግን ያነሰ ነበር። መቁጠሩ ደስ የሚለውን ነገር ሥራ ሥራ አስመሰለባቸው። የቢሮ ሰው ከሥራ ሲወጣ ሌላ ሥራ ጫማ አስሮ እንዲጠብቀው አይፈልግም።

1. የመጀመሪያው ሳምንት፦ ሰዓቱን ዝም አሰኙት

በአንድ ቀን መጣሉ ለብዙ ሰው ይከብዳል። ስለዚህ እሰሩት፣ ግን አፉን ዝጉት። ስክሪኑ ሰዓት ብቻ እንዲያሳይ አድርጉ። በየኪሎ ሜትሩ የሚንቀጠቀጠውን አጥፉ። ሩጫችሁን በራሱ ወደ ስትራቫ የሚልከውንም ዝጉ። ከዚያ ፊቱን ወደ አንጓችሁ ውስጠኛ ክፍል አዙሩት።

በሁለተኛው ሳምንት ቤት ይቅር። በር አጠገብ ቻርጅ ላይ አትተዉት፤ ዓይናችሁ ይገባና ታስሩታላችሁ። መሳቢያ ውስጥ ይግባ።

ስልክ ግን ያዙ፣ በተለይ ብቻሽን የምትሮጪ እህቴ። አፑን ዘግታችሁ፣ የጥሪውን ድምፅ ከፍታችሁ፣ ዚፕ ያለው ኪስ ውስጥ። በየት በኩል እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለቤት ሰው ንገሩ። ሥራ እንዳይረፍድ የምትሰጉ ደግሞ ተራ የእጅ ሰዓት ይበቃችኋል። ሰዓት ስንት እንደሆነ ማወቅና እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር መቆጣጠር የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጃችሁ በራሱ ይነሳል። አንጓችሁን ታያላችሁ፤ ባዶ ነው። ይህ ልማድ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይለቃል። እጃችሁ ሲነሳ ቀና ብላችሁ ሩቅ ያለ ነገር ፈልጉ፦ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ የመስጊድ ሚናራ፣ የሕንፃ ክሬን፣ የተራራ ጫፍ። አንገታችሁ ይቃናል፣ ትከሻችሁ ይለቃል። ሩጫውም ይቀላል።

2. መንገዱን በኪሎ ሜትር ሳይሆን ባለበት ነገር ምረጡ

"5 ኪሎ ሜትር ልሩጥ" ማለቱን ለጊዜው ተዉት። "እስከ ወንዙ ድልድይ ደርሼ ልመለስ" በሉ። ወይም "ዳቦ ቤቱ ጋ ዞሬ፣ በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል።" የምታውቋቸው ሦስት አራት ምልክቶች ያሉት መንገድ ከማንኛውም ካርታ ይበልጣል። ምልክቶቹ ፍጥነታችሁንም ይነግሯችኋል። የትምህርት ቤቱ አጥር ጋ ስትደርሱ ትንፋሻችሁ እንዴት እንደሆነ በሳምንቱ መጨረሻ ሳታስቡት ታውቁታላችሁ።

ይህን ከአበበ ቢቂላ በላይ ያሳየ የለም። ሮም ላይ እ.ኤ.አ. በ1960 ከውድድሩ በፊት ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር መንገዱን ሲያዩ፣ መጨረሻው አካባቢ የቆመ አንድ ሐውልት አገኙ። ጣሊያን ከአገራችን የወሰደችው የአክሱም ሐውልት ነበር። ማምለጫው እዚያ እንዲሆን ተስማሙ። በውድድሩ ማታ አበበ በባዶ እግሩ ከሞሮኮው ራዲ ጋር እግር በእግር ሲሄድ ቆይቶ፣ ሐውልቱ አካባቢ ሲደርስ ጥሎት ሄደ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ የዓለም ክብረ ወሰን። ሰዓቱን የያዙት ሌሎች ናቸው፤ እሱ የያዘው ምልክቱን ነው።

አዲስ አበባ ላላችሁ ጥቂት ልበል። መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ወዲያና ወዲህ የሚሮጠው ሕዝብ መኖሩ ብቻውን ያነቃቃል፤ ብቻችሁን መሮጥ ካፈራችሁ እዚያ ጀምሩ። ጃን ሜዳ ሣር ስለሆነ ለጉልበት ይመቻል። እንጦጦ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሚሆን ለጀማሪ ይከብዳል፤ መጀመሪያ በእግር ውጡት። "መንገድ ለሰው" በሚካሄድባቸው እሁዶች ደግሞ መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ ለእናንተ ይከፈታል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ ተጠቀሙበት። ጭር ያለ ሰፈር ውስጥ ሳይነጋ አትውጡ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ሲል ሰው መንገድ ላይ ነው። ውሻ ከመጣባችሁ መሮጡን አቁሙ፣ ጀርባ ሳትሰጡት በቀስታ ተራምዳችሁ እለፉ።

የምትረግጡትንም ነገር ቀያይሩ። አስፋልት ብቻ፣ ኮብልስቶን ብቻ አይሁን። ኮብልስቶን ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። በክረምት ጭቃው ጫማችሁን ከባድ ካደረገው፣ ያን ቀን ቀስ ብላችሁ ማለፍ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም።

3. ፍጥነቱን ለትንፋሽ ስጡት

ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች በፈጣን እርምጃ ሂዱ። ከዚያ ሶምሶማ ጀምሩ፤ "ይሄማ በጣም ቀርፋፋ ነው" ብላችሁ እስክታፍሩ ድረስ ቀስ በሉ። አብዛኛው ሰው ሩጫን የሚጠላው አጀማመሩ ላይ ስለሚፈጥን ነው። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላው ጎኑን ይወጋዋል፣ "ሩጫ ለእኔ አይሆንም" ብሎ ይመለሳል።

ሰውነታችሁ ሲሞቅ ራሳችሁን ፈትኑ። ከሰው ጋር ከሆናችሁ አውሩ። ብቻችሁን ከሆናችሁ በቃላችሁ የምታውቁትን መዝሙር፣ መንዙማ ወይም ዘፈን ድምፅ አውጥታችሁ አንድ ስንኝ በሉ። ስንኙን ሳትቆራርጡ ከጨረሳችሁት በጨዋታ ፍጥነት ላይ ናችሁ። ሩጫችሁ አብዛኛው በዚህ ፍጥነት መሆን አለበት፤ ልብም ሳንባም የሚጠነክረው እዚህ ነው። ከሁለት ከሦስት ቃል በኋላ መተንፈስ ካስፈለጋችሁ ከፍ ብላችኋል። ያ ለዳገትና ለአጭር ጊዜ ጥሩ ነው። "እ" እና "እሺ" ብቻ ከቀረላችሁ ደግሞ ብዙ አትቆዩበትም፤ ወዲያው ቀንሱ።

ይህ ቀልድ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጉናር ቦርግ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከ6 እስከ 20 የሚሄድ መለኪያ እንዳወጣ ይወቅ። መሣሪያ የለውም። ሰውየው ራሱ "ይህን ያህል ከብዶኛል" ብሎ ይመልሳል። የልብ ሕሙማን ወደ እንቅስቃሴ ሲመለሱ ሐኪሞች ዛሬም ይጠቀሙበታል። ስሜታችሁ መረጃ ነው።

ትንፋሽ ከሰዓት የሚበልጥበት አንድ ግልጽ ቦታ ላሳያችሁ። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ወንድማችን ለገና ወይም ለጥምቀት አዲስ አበባ ይመጣል። በነጋታው ይሮጣል። እዚያ በቀላሉ የሚሄድበት ፔስ እዚህ ያስጨንቀዋል፤ ሰዓቱም አቅሙ እንደወረደ ይነግረዋል። ምንም አልወረደም። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ቀንሷል፣ በቃ። በትንፋሹ ቢሮጥ ኖሮ መጀመሪያውኑ ቀስ ይል ነበር፤ የእረፍቱንም ሰሞን "ምን ሆኜ ነው" እያለ አያሳልፈውም። ዱባይ ወይም ሪያድ በሙቀት የሚሮጡ እህቶቻችንና ወንድሞቻችንም እንደዚያው ናቸው። ሰውነት ራሱን ለማቀዝቀዝ ደም ወደ ቆዳ ስለሚልክ ልብ በዝግታም ላይ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ሙቀት ባለበት ፍጥነት አይጠየቅም። ጎህ ሲቀድ ውጡ፣ ውኃ ያዙ፣ ትንፋሹ ያለውን ስሙ።

4. ተጫወቱ

ሰውነት ከሞቀ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን ጨዋታ ይኑር። አንድ ዛፍ ምረጡ፣ እስከሱ ድረስ ፍጠኑ፣ ከዚያ ትንፋሻችሁ እስኪመለስ ሶምሶማ። ቀጥሎ የመብራት ምሰሶ፣ ቀጥሎ ቢጫዋ በር። ስንት ጊዜ? ደስ እስኪላችሁ። አሠልጣኞች ፋርትሌክ የሚሉት ይህ ነው፤ ስዊድናዊው ጎስታ ሆልመር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያመጣው።

ዳገት ላይ እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ እጃችሁን አሠሩ፣ ጫፉን ሳይሆን ፊታችሁ ያለውን ጥቂት ሜትር እዩ። መራመድ ካስፈለገ ተራመዱ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣውን ዳገት ልምድ ያለውም ሰው የሚራመድበት ቀን አለ። ቁልቁለት ላይ ደግሞ እግራችሁን ልቀቁት እንጂ ፍሬን እየያዛችሁ ተረከዝ ላይ አትውደቁ፤ ጉልበት የሚጎዳው እዚያ ነው።

ከከተማ ወጣ ስትሉ ልጆች "አይዞህ! በርቺ!" እያሉ ተከትለው ይሮጣሉ። ፔስ የሚጠብቅ ሰው ጆሮውን ዘግቶ ያልፋቸዋል። እናንተ አብራችኋቸው ሩጡ። የሚቀድሟችሁ አይጠፉም፣ ያውም በላስቲክ ጫማ።

5. ሰው ፈልጉ

አትሌቶቻችን እንጦጦ ወይም ሱሉልታ ጫካ ውስጥ ሲሮጡ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። በአንድ ረድፍ ናቸው። የመጀመሪያው በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዘ መንገድ ይመርጣል። ሌሎቹ ዓይናቸውን ከፊታቸው ያለው ተረከዝ ላይ አድርገው ይከተላሉ። ትንሽ ቆይቶ እግሮቹ ሁሉ እኩል ማረፍ ይጀምራሉ፤ ቅጠሉ በአንድ ድምፅ ይንኮሻኮሻል።

እናንተም ሁለትም ሦስትም ሆናችሁ ይህን ሞክሩት። መሪው ጥቂት ደቂቃ ይምራ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይቅር፣ ቀጣዩ ይተካ። አንድ ደንብ ብቻ ይኑራችሁ፦ ፍጥነቱ የሚወሰነው በመጨረሻው ሰው ትንፋሽ ነው። መሪው ማን እንደቀረ ዞር ብሎ ያያል። ተከታይ መሆን በራሱ እረፍት አለው። ምን ያህል እንደቀረ፣ በየት እንደሚዞር፣ ሁሉንም ለፊተኛው ትታችሁ የእሱን ተረከዝ ብቻ ታያላችሁ። ብቻውን አሥር ደቂቃ የሚታክተው ሰው እንዲህ ሲሆን ሳያውቀው ረጅም መንገድ ይሄዳል።

ከሩጫ በኋላ አብራችሁ ቁርስ ብሉ። ፍርፍር ይሁን እንቁላል፣ ሻይ ይሁን ቡና። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከአልጋ የሚያስነሳችሁ ያ ቁርስ ነው፤ ደግሞም የተቀጣጠራችሁትን ሰው ማስጠበቅ ይከብዳል።

6. ለውጡን የምታዩባቸው ምልክቶች

"ታዲያ መሻሻሌን በምን አውቃለሁ?" የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ የመንገዱ ምልክቶች ላይ አለ። ባለፈው ወር የተራመዳችሁበትን ዳገት አሁን በሶምሶማ ትወጡታላችሁ። የትምህርት ቤቱ አጥር ጋ ስትደርሱ ገና ወሬ አላለቀባችሁም። ሊፍቱ ሲበላሽ አራተኛ ፎቅ ወጥታችሁ ስልክ ማንሳት ትችላላችሁ። ማታ እንቅልፍ ቶሎ ይወስዳችኋል። በነጋታውም "ልውጣ" የሚል ስሜት ይኖራል፤ እኔ ከሁሉ አስበልጬ የማየው ይህን ነው። ሁለት ሦስት ቀን ተከታትሎ ስሜቱ ከጠፋ አብዝታችኋል ማለት ነው፤ እረፉ።

መጻፍ የምትወዱ ትንሽ ደብተር ያዙ። ቁጥር አይግባበት። ቀኑን፣ በየት እንደሄዳችሁ፣ ያያችሁትን አንድ ነገርና የተሰማችሁን ጻፉ። "ማክሰኞ፣ በወንዙ በኩል፣ ጉም ነበር፣ እግሬ ከበደኝ፣ መጨረሻው ላይ ተለቀቀ።" ይህ ከወራት በኋላ ሲነበብ ትርጉም አለው። የዚያን ቀን ፔስ ግን ማን ያስታውሳል?

7. ውድድር ካማራችሁ

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ አለ። 10 ኪሎ ሜትር ነው፣ ኅዳር አካባቢ። ፊት ላይ አትሌቶቹ ይወዳደራሉ፤ ከኋላ ያለው ቲሸርቱን ለብሶ የሚጨፍር፣ የሚዘፍን፣ ጓደኛውን ጎትቶ ዳገት የሚያስወጣ ሕዝብ ነው። ሰዓት ማስመዝገብ ብትፈልጉም ያ ሁሉ ሰው አያስኬዳችሁም። ስለዚህ ከኋላው ጋር ግቡና ጨፍሩ። ለሴቶች ብቻ የሚዘጋጀው "ቅድሚያ ለሴቶች" 5 ኪሎ ሜትር ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሮጥ ሴት ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ የለም።

8. ቁጥር የሚያስፈልገው ሰው

የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን፣ መጀመሪያ ሐኪም ታማክር፣ ያማክር። ሐኪሙ "የልብ ምትህ ከዚህ አይለፍ" ካለ፣ ያ ቁጥር ይከበር፤ ይህን ጽሑፍ ይዛችሁ አትከራከሩት። ለማራቶን በሰዓት የሚዘጋጅም ሰዓት ያስፈልገዋል፤ የእኛም አትሌቶች ትራክ ላይ ሲሠሩ አሠልጣኙ ስቶፕዎች ይዞ ቆሟል። እነሱ ግን በዝግታ የሚሮጡበትን ቀን ያውቃሉ፣ ያን ቀን ደግሞ በእውነት ዝግ ይላሉ።

ደረት ላይ ሕመም ወይም መጨነቅ፣ ማዞር፣ ራስን የመሳት ስሜት ከመጣ ወዲያው ቁሙ። ሐኪም ሳያያችሁ አትመለሱበት። አንድ ቦታ ላይ የሚወጋና በሮጣችሁ ቁጥር የሚብስ ሕመምም እንደዚያው ነው፣ "ይለምደዋል" አይባልም።

9. ከወሩ በኋላ

ሰዓቱን ከመሳቢያው ማውጣት ከፈለጋችሁ አውጡት። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ግን፣ ቀኑንም አስቀድማችሁ ምረጡ። ከመሮጣችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ያዙ፦ "ወደ ድልድዩ የሚወስደው መንገድ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?" እንደማለት። መልሱን ስታገኙ ጨርሳችኋል፤ ሌላውን ግራፍ አትክፈቱ። ከመክፈታችሁ በፊት ደግሞ ሩጫው እንዴት እንደነበር ለራሳችሁ መልሱ። ያላችሁትና ሰዓቱ የሚለው ካልተስማማ፣ ደብተሩ ላይ የእናንተን ጻፉ።

"ዛሬ ስንት ሮጥክ?" የሚል ጓደኛ አይጠፋም። እስከየት እንደደረሳችሁ ንገሩትና ለቅዳሜ ቅጠሩት።